ቆሞ የሚጠብቅ ምግብ

(የመግቢያ ሙዚቃ፤ ቀስ እያለ ይወርዳል)

የዛሬው ጨዋታችን ስለ አፈርና ስለ ሥር ነው። መነሻችን ግን ግብጦ ይሁን።

ጎጃም ያደገ ሰው ግብጦን አያጣውም። ነጭ፣ ክብ ሆኖ ጠፍጠፍ ያለ ፍሬ ነው። ከማሳ እንደመጣ አፍ ውስጥ ቢከቱት ምሬቱ ያስተፋል። ስለዚህ ይቆላና በሚወርድ ውኃ ውስጥ ለቀናት ይዘፈዘፋል፤ ምሬቱ ወንዙን ተከትሎ ሲሄድ ነው እንግዲህ ለመክሰስ የሚሆነው። አረቄም ይወጣዋል፤ የጎጃም የግብጦ አረቄ የሚያውቀው ያውቀዋል። እኔን የሚገርመኝ ግን ፍሬው ሳይሆን የሚዘራበት ቦታ ነው። ገበሬው ምርጥ መሬቱን ለግብጦ አይሰጥም። ጤፍና ስንዴ አልሆን ያለበትን፣ የደከመውን፣ አፈሩ የሳሳውን ማሳ መርጦ፣ እንደ ነገሩ አርሶ ይበትነዋል። ብዙ ጊዜ ማዳበሪያ የሚባል ነገር አያይም። ግብጦም ቅር ሳይለው ይበቅላል።

ስንዴ ተርቦ የቀረበት አፈር ላይ ግብጦ ምን እየበላ ነው? ያው አፈር፣ ያው ዝናብ፣ ያው ፀሐይ። ልዩነቱ ያለው ከመሬት በታች፣ ሥሩ ላይ ነው። ሥሩ የሚያደርገውን ነገር ለመረዳት ደግሞ ፎስፌት ከሚባለው ምግብ ጋር መተዋወቅ ያስፈልገናል።

ፎስፌትን ሳታውቁት አትቀሩም። ዳፕ ተሸክማችሁ ከሆነ ፎስፌት ተሸክማችኋል። ከአሥር ዓመት ገደማ በፊት ዳፕን የተካው ኤንፒኤስም እንዲሁ ነው፤ መሐል ላይ ያለችው «ፒ» የምትባለዋ ፊደል ፎስፈረስን ነው የምትወክለው። ፎስፈረስ በተፈጥሮ ብቻውን አይገኝም፤ ከኦክስጅን ጋር ተጣብቆ ነው የሚኖረው። አንድ ፎስፈረስ አራት ኦክስጅኖችን ሲይዝ ፎስፌት ይባላል፤ ተክልም በሥሩ የሚቀበለው በዚህ መልኩ ሲመጣለት ብቻ ነው። እግረ መንገዴን፣ የማዳበሪያ ከረጢት ላይ የተጻፈው ቁጥር ብዙ ሰው ያሳስታል። ኤንፒኤስ ላይ 19፣ 38፣ 7 ተብሎ ይጻፋል። መሐለኛው 38 ንጹሕ ፎስፈረስ አይደለም፤ ከኦክስጅኑ ጋር ተደምሮ የተለካ ነው። ኦክስጅኑ ሲቀነስ በአንድ ኩንታል ውስጥ ያለው ፎስፈረስ 16 ኪሎ ተኩል ያህል ነው። የዳፑ 46ም እንዲሁ ሲሰላ ወደ 20 ኪሎ ይወርዳል። አምራቾቹ አላጭበረበሩም፤ የቆየ የአለካክ ልማድ ነው።

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንግባ። አፈር ውስጥ ፎስፈረስ የለም ማለት አይደለም። በአንድ ሄክታር መሬት የላይኛው አፈር ውስጥ ብዙውን ጊዜ በመቶዎች የሚቆጠር ኪሎ፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ፎስፈረስ አለ። ለአሥርና ለሃያ አዝመራ የሚበቃ ስንቅ ነው። ነገር ግን በአንድ በተወሰነ ሰዓት በአፈሩ ውኃ ውስጥ ሟሙቶ፣ ሥር ሊጠጣው በሚችል መልኩ የሚገኘው ከአንድ ኪሎ በእጅጉ ያነሰ ነው። መሶቡ ሙሉ ነው፤ ክዳኑ ግን አይነሳም።

ክዳኑን የገጠመው ማነው? እንደ አፈሩ ይለያያል። ቀይ አፈር ላይ የምታርሱ አድማጮቼ፣ ያ ቅላት ብረት መሆኑን ልብ በሉ። ብረትና አሉሚኒየም ፎስፌትን ሲያገኙ አጥብቀው ይይዙታል፤ አፈሩ አሲዳማ በሆነ ቁጥር ጭበጣቸው ይብሳል። ኖራማ በሆነ አፈር ላይ ደግሞ ካልሲየም ይይዘዋል። ፎስፌት በመጠኑ ለቀቅ የሚለው በመሐከሉ፣ የአፈሩ የአሲድነት መለኪያ ከ6 እስከ 7 አካባቢ ሲሆን ነው።

ይህ መያዝ ሌላ መዘዝ አለው፤ ፎስፌት አይሄድም። ዩሪያ አፈር ውስጥ ገብቶ ወደ ናይትሬት ከተለወጠ በኋላ ከውኃ ጋር ይጓዛል። ተክሉ ውኃ ሲስብ ናይትሬቱ አብሮ ይመጣል፤ ዝናብ ሲበዛም ታጥቦ ይሄዳል። ፎስፌት ግን በአንድ ቀን ውስጥ የሚንቀሳቀሰው ከአንድ ሚሊ ሜትር ጥቂት ክፍልፋይ ያህል ነው። ሥር አንድ ቦታ ላይ ተቀምጦ «ና» ቢለው አይመጣም። ሥሩ ዙሪያውን ያለውን ፎስፌት ለቅሞ ከጨረሰ በኋላ፣ አንድ ሁለት ሚሊ ሜትር ስፋት ያለው ባዶ ቀለበት ይከበዋል። ከቀለበቱ ማዶ ምግብ አለ፤ ከቀለበቱ ወዲህ ርሃብ ነው።

ስለዚህ ተክል ሌላ አማራጭ የለውም። ምግቡ ቆሞ ይጠብቃል፤ የሚሄደው ሥሩ ነው። ዛሬ የምናወራው ሁሉ ከዚህች አንዲት ነገር የሚመዘዝ ነው።

(አጭር ሙዚቃ)

ሥር የሚሄደው እንዴት ነው? የመጀመሪያው ዘዴ ቀላል ነው፤ ፀጉር ማብቀል። አንድ የስንዴ ቡቃያ በጥንቃቄ ከአፈር አውጥታችሁ ብታዩ፣ ከሥሩ ጫፍ ከፍ ብሎ ነጭ ለስላሳ ፀጉር ታያላችሁ። እያንዳንዱ ፀጉር አንድ ህዋስ ብቻ ነው፤ ርዝመቱም አንድ ሚሊ ሜትር ቢደርስ ነው። ትንሽ ይመስላል። ያ ባዶ ቀለበት ግን ስፋቱ አንድ ሁለት ሚሊ ሜትር መሆኑን አስታውሱ፤ ፀጉሩ ወደ ቀለበቱ ማዶ እጁን ይዘረጋል ማለት ነው። ፎስፌት ያጠረው ተክል የሥር ፀጉሩን ያረዝማል፣ ያበዛል። ከላይ ቅጠሉ ሲቀጭጭ እያየን እንቆጫለን እንጂ፣ ተክሉ ከሥር በኩል ያለውን ሁሉ ለፍለጋው እያዋለ ነው።

ፀጉሩ ፎስፌቱ ጋ ደረሰ እንበል። መድረስ ብቻውን አይበቃም። በአፈሩ ውኃ ውስጥ ያለው ፎስፌት እጅግ ጥቂት ነው፤ በህዋሱ ውስጥ ያለው ግን ከዚያ ሺህ ጊዜና ከዚያም በላይ ይበልጣል። ውኃ ወደ ዳገት እንደማይወጣ፣ ፎስፌትም በራሱ ፈቃድ ከጥቂቱ ወደ ብዙው አይገባም። ተክሉ ጉልበት ከፍሎ ነው የሚያስገባው። አከፋፈሉም የሚገርም ነው። የሥሩ ህዋስ ሽፋን ላይ ፓምፖች አሉ። እነዚህ ፓምፖች የሃይድሮጂን አዮኖችን ከውስጥ ወደ ውጭ እየገፉ ያከማቻሉ። ውጭ የተከማቸው ሃይድሮጂን ተመልሶ ለመግባት ይገፋል፤ እንደተገደበ ውኃ ነው። መግቢያው ላይ ደግሞ ለፎስፌት ብቻ የተሠራ በር አለ። ሃይድሮጂኑ በዚያ በር ተመልሶ ሲገባ ፎስፌቱን እጁን ይዞ አብሮ ያስገባዋል። ለብቻው የመጣ ፎስፌት አይገባም።

ፓምፑን የሚያንቀሳቅሰው ጉልበት ራሱ ኤቲፒ ከሚባል፣ ፎስፌት ካለበት ነገር የሚመጣ ነው። ነጋዴ ወረት ከሌለው አይነግድም እንደሚባለው ሁሉ፣ ተክልም ፎስፌት ለማግኘት መነሻ ፎስፌት ያስፈልገዋል። ይህችን ነገር ያዙልኝ፤ ስለ ጤፍ ዘር ስናወራ እንመለስባታለን።

ሁለተኛው ዘዴ ጽዋ መጠጣት ነው ብል አትሳቁብኝ። አብዛኞቹ የምድር ተክሎች፣ ከአሥሩ ሰባት ስምንቱ ያህል፣ ሥራቸው ውስጥ ከሚኖር ፈንገስ ጋር ማኅበር አላቸው። ፈንገሱ ከሥር ፀጉርም የቀጠነ ክር እየዘረጋ ፀጉሩ የማይደርስበትን አፈር ያስሳል፤ ሥሩ ከሚደርስበት ስንት እጥፍ ርቆ ይሄዳል። ያገኘውን ፎስፌት ይዞ ተመልሶ በሥሩ ህዋሶች ውስጥ፣ ቅርንጫፉ የበዛ ትንሽ ዛፍ በመሰለ ቅርጽ በኩል ያስረክባል። ተክሉ በምላሹ በፀሐይ ያበሰለውን ስኳርና ቅባት ይከፍለዋል። ክፍያው ቀላል አይደለም፤ አንዳንዴ ቅጠሎቹ ከሠሩት አምስት እጅ አንዱ እዚህ ይሄዳል። ማኅበሩ ዕድሜ ጠገብ ነው። ስኮትላንድ ውስጥ ራይኒ በተባለ ቦታ፣ ከ400 ሚሊዮን ዓመት በላይ ዕድሜ ባለው ድንጋይ ውስጥ፣ ፈንገሱ በተክሉ ህዋስ ውስጥ እንዳለ ወደ ድንጋይ ተለውጦ ተገኝቷል። ያን ጊዜ ተክሎች ገና በቅጡ ሥር አልነበራቸውም።

ተክል ግን የዋህ አይደለም። አፈሩ ፎስፌት ከጠገበ ማኅበሩን ይተወዋል፤ ለማይጠቅመው ሠራተኛ ደሞዝ አይከፍልም። መሬት ደጋግሞ ማረስም የፈንገሱን ክር ይበጣጥሰዋል። ለጤፍ አራት አምስቴ የምናርስ ሰዎች ይህንን ብናውቅ አይከፋም፤ አታርሱ ለማለት ግን አልደፍርም፤ አረሙን ማን ሊነቅልልኝ!

ከማኅበሩ የቀሩም አሉ። ጎመንና ጎመንዘር ከዚህ ፈንገስ ጋር አይወዳጁም። ግብጦም አይወዳጅም። እነሆ ተመልሰን መጣንለት።

ግብጦ ፎስፌት ሲያጥረው ሥሩ ላይ የሚያደርገው ነገር በብዙ ተክል ላይ የሚታይ አይደለም። ከሥሩ ቅርንጫፎች ላይ፣ በተወሰነ ቦታ፣ ብዙ አጫጭር ሥሮች በአንድ ላይ ተጠጋግተው ይወጣሉ። ጠርሙስ የሚታጠብበትን ብሩሽ አስቡ፤ ልክ እንደዚያ ነው የሚመስሉት። በእነዚህ አጫጭር ሥሮች ላይ ደግሞ ፀጉሩ ጥቅጥቅ ይላል። ብሩሹ አድጎ ሲጠናቀቅ ለጥቂት ቀናት ብቻ የሚቆይ ሥራ ይጀምራል፤ አሲድ ያፈሳል። በብዛት የሚያፈሰው ሲትሪክ አሲድ ነው፤ ሎሚን የሚያኮመጥጠው ያው አሲድ ማለት ነው። ሲትሪክ አሲዱ ፎስፌቱን ጨብጠው ከያዙት ብረትና አሉሚኒየም ጋር ይጣበቃል። እነሱ እጃቸው በሌላ ሲያዝ ፎስፌቱ ይለቀቃል። ብሩሹም ተጠጋግቶ የበቀለው ለዚህ ነው፤ አሲዱ አንድ ቦታ ላይ ካልተከማቸ ጉልበት የለውም፤ የተለቀቀውም ፎስፌት ሌላ ሳይወስደው ወዲያው መለቀም አለበት። በደረቁና በሞቱ ቅጠሎች ውስጥ ታስሮ የቀረውን ፎስፌት ለመቁረጥ ደግሞ ኢንዛይም ጨምሮ ያወጣል።

አሲዱ ምግብም ነው። የአፈር ባክቴሪያ ቢያገኘው በልቶ ይጨርሰዋል። ግብጦ ይህንንም አስቦበታል፤ አሲዱን ከማፍሰሱ ቀደም ብሎ ባክቴሪያና ፈንገስን የሚያርቁ ነገሮችን ወደ አካባቢው ይለቃል። መጀመሪያ ጠባቂ ያቆማል፣ ከዚያ ድግሱን ይዘረጋል። ዋጋው ግን ከባድ ነው። በላቦራቶሪ በተለካ ጊዜ አንድ የግብጦ ተክል በሥሩ ያፈሰሰው ሲትሪክ አሲድ የራሱን ደረቅ ክብደት 23 በመቶ ያህል ሆኖ ተገኝቷል። ሩብ ሀብቱን መሬት ላይ አፍስሶ ነው የሚበላው። ስንዴ እንዲህ ያለ ቸርነት አያውቅም።

ጥቂት የሚያውቁ ዘመዶች ግን አሉ። ሽምብራም አሲድ ያፈሳል፤ ባቄላም በተወሰነ ደረጃ እንዲሁ። የባቄላው ነገር ቻይና ውስጥ ተፈትኗል። በሰሜን ምዕራብ ቻይና፣ ፎስፈረስ ባጠረው መሬት ላይ፣ ባቄላና በቆሎ ጎን ለጎን ተዘርተው ለአራት ዓመት ተከታትለዋቸዋል። ውጤቱ በ2007 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ታትሟል፤ ለየብቻ ከተዘሩት ይልቅ በቆሎው 43 በመቶ፣ ባቄላው 26 በመቶ በልጦ አፍርቷል። ባቄላው በሥሩ አፈሩን አሲዳማ አድርጎ ያላቀቀው ፎስፌት ለበቆሎውም ተርፎታል። እኛ አገር ጥራጥሬ ከእህል ጋር ቀላቅሎ መዝራት ያረጀ ያፈጀ ነው ብለን የናቅን ጊዜ ነበር።

(ሙዚቃ፤ ግማሽ ደቂቃ)

እሺ፤ ፎስፌቱ ሥር ውስጥ ገባ። ምን ይሠራል?

መጀመሪያ የተረፈው ይቀመጣል። የተክል ህዋስ ውስጥ ሰፊ የውኃ ቋት አለ፤ ለፎስፌት ጎተራ እርሱ ነው። ከውጭ ሲገኝ ይሞላል፣ ከውጭ ሲጠፋ ይቀዳል፤ ስለዚህ ርሃብ የጀመረው ተክል ለጊዜው ምንም ያልሆነ መስሎ ይቆያል። የቀረው በውኃ መስመሮቹ ወደ ላይ ወጥቶ ሥራ ላይ ይሰማራል። ዲኤንኤ ከዘር ወደ ዘር የሚተላለፈውን መልእክት የሚይዝ ረጅም ገመድ ነው፤ የገመዱ ጀርባ የተሰፋው በፎስፌት ነው። የህዋስ ሽፋን የተሠራበት ቅባት ላይ ፎስፌት አለ። ኤቲፒን ቅድም ጠቅሻለሁ፤ ሦስት ፎስፌቶች የተደረደሩበት የጉልበት ሳንቲም ነው፤ የመጨረሻው ሲቆረጥ ጉልበት ይወጣል፣ ተመልሶ ሲገጠም ጉልበት ይቀመጣል።

እኔ ግን ከሁሉም በላይ የምወደው በቅጠሉ ውስጥ ያለውን ሥራ ነው። አንድ ሳጥን ለስላሳ ለመግዛት ስትሄዱ ባለሱቁ መጀመሪያ ምን ይላችኋል? «ባዶ ጠርሙስ ይዛችኋል?» ይላል። ባዶ ካላመጣችሁ ሙሉ አይሰጥም። ቅጠሉም እንደዚያ ነው። በአረንጓዴዎቹ ክፍሎች ውስጥ በፀሐይ ብርሃን የተሠራው የስኳር መነሻ፣ ፎስፌት ተለጥፎበት ነው የሚወጣው፤ አንድ ሲወጣ በምትኩ አንድ ባዶ ፎስፌት ከውጭ መግባት አለበት። ውጭ ስኳር ተሠርቶ ፎስፌቱ ሲላቀቅ ባዶው ጠርሙስ ተመልሶ ይመጣል። ፎስፌት ባጠረ ጊዜ ምን ይሆናል? ጠርሙስ የለም። የተሠራው መውጫ ያጣና እዚያው ስታርች ሆኖ ይከማቻል። ፀሐይ ሞልታ፣ ቅጠሉ አረንጓዴ ሆኖ፣ ተክሉ ግን አያድግም።

የፎስፌት ርሃብ ምልክቱ ግራ የሚያጋባው ለዚህ ነው። ናይትሮጅን ሲያጥር ቅጠል ቢጫ ይሆናል፤ ማንም ያየዋል። ፎስፌት ያጠረው ቡቃያ ግን ብዙ ጊዜ ከወትሮው የጠቆረ አረንጓዴ ነው፤ ገበሬው «አምሮበታል» ሊል ይችላል። ግን አጭር ነው፤ ዘለላው አያድግም፤ መድረሻውም ይዘገያል። በቆሎ ላይ ደግሞ የቅጠሉ ጫፍና ጠርዝ ወይን ጠጅ ይሆናል፤ መሄጃ ያጣው ስኳር ወደዚያ ቀለም ይለወጣል። ምልክቱ ከታችኛው፣ ካረጀው ቅጠል ነው የሚጀምረው። ተክሉ ከአሮጌው ቅጠል ፎስፌቱን ነቅሎ ለለጋው ይልካልና። እዚህ ላይ ልጠንቀቅ፤ ብርድም ቅጠል ያቀላል፣ በተፈጥሯቸው ወይን ጠጅ የሆኑ ዝርያዎችም አሉ። ቀለም ብቻ አይቶ ማዳበሪያ መግዛት ኪስ ይጎዳል።

ርሃቡ ሲጠና ተክሉ የቤቱን ዕቃ እስከ መሸጥ ይደርሳል። የህዋስ ሽፋኑ ላይ ያለውን ፎስፌት ያለበትን ቅባት አፍርሶ፣ በምትኩ ድኝ ወይም ስኳር ያለበት ቅባት ይገጥምበታል። ቤቱ አይፈርስም፤ ፎስፌቱ ግን ለባሰ ችግር ይተርፋል።

አዝመራው ሲደርስ ደግሞ አብዛኛው ፎስፈረስ ወደ ፍሬው ይሰበሰባል። በፍሬው ውስጥ ፋይቴት በሚባል መልክ ይታሸጋል፤ በእህልና በጥራጥሬ ውስጥ ካለው ፎስፈረስ ከ60 እስከ 80 በመቶው እንዲህ ነው። እናት ለልጇ የቋጠረችው ስንቅ ነው። ዘሩ ውኃ ጠጥቶ ሲበቅል ኢንዛይም ይነሳና ስንቁን ይፈታዋል። የባቄላ ፍሬ ስንቁ ብዙ ነው። የጤፍ ፍሬ ግን አንዱ ከአንድ ሚሊ ግራም ግማሽ እንኳ አይሞላም፤ ምን ያህል ስንቅ ሊይዝ ነው? በጥቂት ቀናት ውስጥ ያልቅበታል። ቅድም ያልኳችሁን አስታውሱ፤ ፎስፌት ለማግኘት ፎስፌት ያስፈልጋል። የጤፍ ቡቃያ ያለችውን ትንሽ ወረት ሳይጨርስ ሥሩ ከአፈር ፎስፌት ጋር መገናኘት አለበት።

ኤንፒኤስ በዘር ወቅት፣ ዩሪያ ግን ተከፍሎ ቆየት ብሎ የሚጨመረው ለምን እንደሆነ የጠየቃችሁ ካላችሁ፣ መልሱ እዚህ ነው። ፎስፌት ስለማይሄድ ሥሩ በሚያልፍበት መንገድ ላይ፣ ከአፈር ገባ ብሎ፣ ከዘሩ አጠገብ መቀመጥ አለበት። ቡቃያው የሚፈልገው ደግሞ ሕፃን ሳለ ነው። ቡቃያው ጉልበት ካወጣ በኋላ አፈር ላይ የተበተነ ኤንፒኤስ እዚያው ላይኛው አፈር ላይ ይቀራል። በመስመር የዘራ ገበሬ ማዳበሪያውን ከዘሩ ጎን ማስቀመጥ ይችላል፤ ከብዙ አፈር ጋር ሳይደባለቅ ስለሚቀመጥም ብረቱና አሉሚኒየሙ ፈጥነው አይጨብጡትም። እንዲህ ተደርጎም እንኳ በመጀመሪያው ዓመት ሰብሉ የሚያገኘው ከተጨመረው ብዙ ጊዜ ከአሥር እጅ አንድ ወይም ሁለት ያህሉን ነው። ቀሪው አልጠፋም፤ አፈሩ ይዞታል፤ በሚቀጥሉት ዓመታት ጥቂት በጥቂት ይለቃል። የተበደረን ሰው ዕዳ እንደመሰብሰብ ነው፤ አንዳንዱ ይከፍላል፣ አንዳንዱ ያንገላታል።

አሲዳማ አፈር የሚያንገላታው ነው። ዝናብ በበዛበት ደጋ፣ ከወለጋ እስከ ጎጃም፣ ከጨንቻ እስከ ሆሳዕና፣ ካልሲየሙ ለዘመናት ታጥቦ ሄዶ አሉሚኒየም የነገሠበት መሬት ሰፊ ነው። እዚያ ላይ የተጨመረ ፎስፌት ወዲያው ይታሰራል። አሉሚኒየሙ ደግሞ የሥሩን ጫፍ ያኮማትረዋል፤ መሄድ ያለበት ሥር እግሩ ተሰበረ ማለት ነው። ኖራ የሚበተነው ለዚህ ነው። ኖራው ራሱ ፎስፌት አይደለም፤ አሉሚኒየሙን ያደክምና እጁን ያስለቅቀዋል። ችግሩ ኖራ ከባድ ነው፤ ለአንድ ሄክታር የሚያስፈልገው በብዙ ኩንታል ነው፤ ማጓጓዣው ከኖራው ይወደዳል። አዊ ውስጥ ብዙ ገበሬ ሌላ መንገድ መርጧል፤ ገብስ አልሰጥ ያለውን መሬት ዲከረንስ የሚባል ዛፍ ተክሎበት ከሰል ያወጣበታል። በሰሜን ሸዋ ደጋ ደግሞ አፈሩን እየከመሩ ከሥሩ እበት አንድደው የማቃጠል የቆየ ልማድ ነበር። ሞኝነት አልነበረም፤ እሳቱ የታሰረውን ፎስፌት በከፊል ያላቅቀዋል፣ ለአንድ ሁለት ዓመት ገብሱ ያምራል። ከዚያ ግን የአፈሩ ብስባሽ ተቃጥሎ ስላለቀ መሬቱ ለዓመታት ማረፍ ነበረበት። መሬት ሲጠብ የት ያርፋል?

ወደ ጓዳ እንግባ። ያ በፍሬው ውስጥ የታሸገው ፋይቴት ለእኛ አይመቸንም። በሆዳችን ውስጥ ብረትና ዚንክን ይዞ እንዳንጠቀምባቸው ያደርጋል፤ እኛ የሚፈታው ኢንዛይም እምብዛም የለንም። እናቶቻችን ስሙን ሳያውቁት ፈትተውታል። ሊጡ ከእርሾ ጋር ሲቦካ ፋይቴቱ ይቀንሳል፤ ብቅል ሲበቅልም እንዲሁ። እንጀራ የሚቦካው ለአይን ብቻ አይደለም።

እህሉ ግን ከማሳው ወጥቷል። በአሥር ኩንታል ስንዴ ውስጥ ከ3 እስከ 4 ኪሎ ፎስፈረስ ተጭኖ ከተማ ይገባል፤ ተበልቶም ሽንት ቤት ይገባል፤ ወደ ማሳው አይመለስም። ሽንት ውስጥ ፎስፈረስ መኖሩን መጀመሪያ ያሳየው ወርቅ ፈላጊ ነበር፤ ሄኒግ ብራንድ የተባለ የሃምቡርግ ሰው በ1669 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ብዙ ባልዲ ሽንት አፍልቶ፣ ወርቅ ሳይሆን በጨለማ የሚያበራ ነገር አገኘ። ዛሬ እኛ የሄደውን ለመተካት ከውጭ እናስመጣለን። ዓለም ላይ ከሚታወቀው የፎስፌት ድንጋይ ክምችት ከሦስት ሁለት እጅ ያህሉ ያለው ሞሮኮ ነው።

ጓሮን ደግሞ ተመልከቱ። ከቤት ራቅ ያለው ማሳ ሲደኸይ ጓሮው፣ እንሰቱና ጎመኑ ያለበት ጥቁር አፈር፣ ይወፍራል። አመዱ፣ እበቱ፣ የጓዳው ጥራጊ ሁሉ እዚያ ይደፋል። ኩበት ሲነድ ናይትሮጅኑ ከጢሱ ጋር ይሄዳል፤ ፎስፈረሱ ግን አመዱ ውስጥ ይቀራል፤ አመዱ ደግሞ አሲዱንም ያለዝባል። ደጅ ላይ ለነፋስ የሚበተነው አመድ ከሩቁ ማሳ የመጣ ፎስፌት ነው።

ስለ ግብጦም አንድ ነገር ሳልናገር አልለፍ። ግብጦ ፎስፌት አይፈጥርም። የታሰረውን ፈትቶ ይበላል እንጂ። ፍሬው ተለቅሞ ገበያ ሲሄድ ያ የተፈታው ፎስፌት አብሮ ይሄዳል። ግንዱና ቅጠሉ እዚያው ሲቀር ግን ቀጥሎ የሚዘራው እህል ይካፈለዋል። ኖራማ መሬትም አይወድም፤ የእርሱ ቦታ አሲዳማው ነው።

ብሩሹን ማየት የምትፈልጉ ካላችሁ፣ ከተዘራ አንድ ወር ያለፈው ግብጦ ፈልጉ፤ ያውም ማዳበሪያ ያላየ፣ የደከመ መሬት ላይ ያለውን። አትንቀሉት፤ ከነቀላችሁት ብሩሹ አፈር ውስጥ ተቆርጦ ይቀራል። ዙሪያውን በአካፋ ቆፍራችሁ ከነአፈሩ አውጡትና ውኃ የተሞላ ባልዲ ውስጥ ሌሊቱን አሳድሩት። ጠዋት ቀስ እያላችሁ አወዛውዙት። አፈሩ ሲረግፍ ጠርሙስ ማጠቢያ የመሰሉት ዘለላዎች ሥሩ ላይ ተንጠልጥለው ይታያሉ፤ ከእነሱ ጋር የተጣበቀው አፈር ግን በቀላሉ አይለቅም።

(የመዝጊያ ሙዚቃ)